የፍየል ሲሶ

የካቲት 14፣ ዓርብ

የኮሌጃችን ዲን ጌታሁን ከስብሰባ በኋላ አስቀረኝና ኮሚቴ ውስጥ መመደቤን ነገረኝ። የኮሚቴው ስም ሁለት መስመር ይፈጃል፤ ባጭሩ ከአርብቶ አደር አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ኮሌጁ የእነሱም እንደሆነ ይሰማቸው እንደሆነ አጥንቶ ሪፖርት የሚያቀርብ ነው። ሌሎቹ አባላት እነማን ናቸው አልኩት።

«ለጊዜው አንተ ነህ።»

«ለምን እኔ?»

«አንተ ታነባለህ። ደግሞስ…» ብሎ ሳቀ፤ «አንተም ብትሆን የሌላ አገር ሰው ነህ። ይገባሃል።»

የተወለድኩት እዚሁ ሶዶ ነው። አባቴም የተወለደው እዚሁ ነው። ከሰሜን የመጣው አያቴ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ፣ መሬት ተሰጥቶት። ጌታሁን በክፋት አልተናገረውም። አብረን ነው ያደግነው፤ የቄስ ትምህርት ቤቱን መስኮት በእሱ ኳስ የሰበርኩት እኔ፣ የተገረፈው እሱ ነው። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ባለቤቴ መብራት አራስ ልጃችንን ልትጠብቅ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ ወጥ የምሠራው ራሴ ነኝ። የአራስነቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን የሕፃኑ አንገት ገና አልጸናም ትላለች። ባለፈው ፎቶ ላይ ሳየው አንገቱ ከኔ ይሻላል።

ወንድሜ ተክለጻድቅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ለአባታችን ቤት፣ ማለትም አሁን ተቀምጬ ለምጽፍበት ቤት፣ ገዢ አግኝቷል።

«ሚስትህ ሐዋሳ፣ ልጅህ ሐዋሳ፣ እኔ እዚህ። እስቲ እዚያ ምን አለህ?»

«ክፍለ ጊዜ አለኝ» አልኩት። እውነትም ነበረኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

የኮሚቴውን ሥራ ጀመርኩ። ከሐመር የመጣ አንድ ተማሪ ብቻ ነው ያለን፤ ኦይታ ይባላል፤ የመምህርነት ዲፕሎማ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ወረዳው አስተማሪ እንዲሆንለት ልኮታል። ቢጨርስ በተወለደበት ቀበሌ፣ በእናቱ ቋንቋ ልጆችን የሚያስተምር ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ቀበሌ እስካሁን አልነበረም።

ሻይ ቤት አስቀምጬ መጠይቁን አነበብኩለት። «በኮሌጁ ውስጥ የባይተዋርነት ስሜት ምን ያህል ይሰማሃል? በጣም፣ በመጠኑ፣ ፈጽሞ።»

አሰበበት። ኦይታ ጥያቄን እንደ ምግብ ያላምጣል። «ከማን ጋር ስሆን?» አለኝ።

መጠይቁ ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን የለም።

ከጎናችን ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተዛወረ ይመስለኛል፣ «ኦይታ፣ አንተ በሬ ዘለሃል ወይ?» አለው። የሐመር ጎረምሳ ለአቅመ አዳም የሚደርስበትን ይህን የበሬ ዝላይ ኦይታ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው።

«እስካሁን የዘለልኩት ኬሚስትሪን ነው» አለ ኦይታ። «እሱንም ሁለቴ።»

«እሺ አንድ ፎቶ እንነሳ። ስንት ነው ግን እናንተ ጋ?»

«ብር የምንቀበለው ከቱሪስት ነው። አንተ እዚህ ቱሪስት ነህ?»

የልጁ ጓደኞች ሳቁ። ኦይታ አልሳቀም፤ ሻዩን ጠጣ። እኔ በዚህ ከተማ በኖርኩበት ዕድሜ ሁሉ እንዲህ ያለ መልስ አላገኘሁም። ሲሄድ «ደህና ሁን መክብብ» አለኝ። ኦይታ ሁሉንም ሰው «አንተ» ይላል፣ ዲኑንም። አንዳንድ መምህራን ይቆጣሉ። እኔ ሳስበው ይህ ሰው አንድ ብቻ «አንተ» ነው የሚያውቀው፤ እሱንም ከነክብሩ ነው የሚሰጠው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የሚድ ፈተና ሳምንት።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ኦይታ ነው። ነጠላ ጫማ፣ ንጹሕ ሸሚዝ፣ በገመድ የታሰረች ፍየል። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ፍየል።

«ላንተ ናት» አለኝ።

«ለምን?»

«አባቴ ልኳት።»

ከሐመር ድረስ ፍየል እንዴት እንደመጣች ጠየቅሁ። አባቱ ዲመካ ገበያ አንድ ፍየል ሸጠ፤ ዋጋውን በስልክ ላከ፤ ኦይታ እዚህ ሶዶ ገበያ ወርዶ በዚያው ዋጋ ይህችን ገዛ። ስለዚህ ዲመካ ላይ የገባችው ፍየል ሶዶ ላይ ወጥታለች። ቴሌብር ለዚህም ያገለግላል ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩን እንጃ።

እንግዲህ፦ የፈተና ሳምንት ነው፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ነኝ፤ የፈተና ወረቀቱ ገና ሳይታረም ቤቴ ተቀምጧል፤ ተማሪ በመሸ ጊዜ ፍየል ይዞ ቆሟል። ምን መባል እንዳለበት ግልጽ ነበር፤ አልኩትም። ስለ መምህርና ተማሪ ግንኙነት፣ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር፣ ጥሩ ንግግር አደረግሁ። ፍየሏ ብቻ ናት መሐል የገባችው።

ኦይታ እስክጨርስ ጠበቀ። «አትቀበልም?»

«አልቀበልም።»

ፍየሏን ይዞ ሄደ። ለፍየል ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ለኦይታና ለጓደኛው ለኤርካሎ ቤት ያከራዩት ጎረቤቴ እትዬ ሽታዬ ናቸው። ሁሉን ነገር በአጥራቸው በላይ አይተዋል።

«አንተ መክብብ፣ ፍየሏን የመለስከው ጾም ስለሆነ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ሥነ ምግባር ነው።»

«እሱስ መቼ ነው የሚፈታው?»

እሳቸው ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ ሁዳዴን አይጾሙም፤ ጿሚን ግን እንዲህ ይጠብቃሉ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አረምኩ። ኦይታ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደምሬ አየሁት፤ ሁለቱም ጊዜ አንደኛ ነው።

አንደኛ የወጣ ተማሪ ጉቦ የሚሰጥበት ምክንያት ፈለግሁ። እንደ ተማረ ሰው ብዙ ምክንያት አገኘሁ፤ አንዱም አላሳመነኝም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ኦይታ ክፍል አልመጣም። ትናንትም አልነበረም ተብያለሁ።

ሻይ ቤት ውስጥ «ሐመር ሄደ፣ ፎቶ ሊነሳ» ሲባል ሰማሁ። አላረምኩም። ማረም ሥራዬ ነበር።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የለም።

ጌታሁን ሪፖርቱ የት ደረሰ አለኝ። ለወረዳዎቹ የሚላክ ቁጥር ይፈልጋል፦ ስንት በመቶው ተማሪ ኮሌጁ የኔ ነው ይላል። ከዚያ በነካ እጁ፣ ኦይታ እስከ መጪው ሰኞ ካልቀረበ ስሙ እንደሚሰረዝ ነገረኝ። ደንብ ነው። አንዴ ከተሰረዘ ወረዳው ዳግመኛ አይልከውም፤ ለእሱ የተያዘው ቦታም ለሌላ ተማሪ ይሄዳል።

«ያሳዝናል» አለ ጌታሁን፣ እውነትም እያዘነ። «እነዚህ ልጆች ግን አይለምዱም።»

እሺ አልኩና ወጣሁ። ከቢሮው እስከ በር ድረስ ብዙ ሊባል የሚችል ነገር ትዝ አለኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ኤርካሎን ከክፍል ሲወጣ ያዝኩት። ከሶዶ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሁምቦ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ፈጣን አፍ፤ አማርኛው ከዎላይትኛው ጋር እየተጋጨ አብሮ ይሮጣል። ዛሬ ግን ዐይኔን ማየት አልፈለገም።

«ኦይታ የት ነው?»

«ሄደ እኮ ቲቸር። ሻንጣ አስሮ ነው የሄደ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ፍየሉን እምቢ አሉት።»

«ኤርካሎ፣ መምህር ከተማሪ ፍየል አይቀበልም።»

«ለውጤት መሰለዎት?» አለና አሁን ዐየኝ። ደንግጦ ነው፤ ስለኔ ነው የደነገጠው። «ቲቸር፣ እሱ ለውጤት አይደለም። እሱ ለቤል ነው።»

ከዚያ የነገረኝ ይህ ነው። በሐመር ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ በዚያ አገር ቤል ከሌለው መንገደኛ ነው፤ ቢኖርበትም፣ ቢያረጅበትም መንገደኛ ነው። ቤል ማለት ከወገንህ ያልሆነ ግን ወንድምህ የሆነ ሰው ነው። ፍየል ትሰጠዋለህ፤ እሱም አንድ ቀን የራሱን ይሰጥሃል፤ ከዚያ ወዲያ የእሱ ቤት ቤትህ ነው፤ አገሩ ውስጥ ሲጠሩህ «የእከሌ ሰው» ትባላለህ። ለልጅም ይተላለፋል። ኦይታ ባለፈው ዕረፍት አባቱ «ሶዶ ውስጥ ማን አለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የኔን ስም ተናገረ። አባትየው ፍየል ሸጠ።

«ለምን እኔን?» አልኩ። በአንድ ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

«አንደኛ ዓመት ስንመጣ ዝናብ ነበረ። ቤት ስንፈልግ ዝናብ መጣብንና እርስዎ በረንዳ ላይ ገባን። ወንበር አወጡ። ቦይና ቀቅለው ሰጡን። ሌላ ሰው ሁሉ ከየት ነህ፣ በሬ ዘለሃል፣ ልብስህ የት ሄደ ይለዋል። እርስዎ ምንም አልጠየቁትም። ኦይታ ‘ይህ ሰው እስክናገር የሚጠብቅ ሰው ነው’ አለኝ።»

አስታወስኩት። ቦይናውን፣ ማለትም ጎደሬውን፣ መብራት ነበረች የቀቀለችው። ምንም ያልጠየቅሁት ደግሞ ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ በዚያ ሳምንት መንጋጋዬ አብጦ አፌን መክፈት አልችልም ነበር።

ይህን ለኤርካሎ አልነገርኩትም። ማስታወሻ የሚያዘው ለዚህ ነው።

«እና አሁን ቤቱ ገባ?»

«እንዴት ይገባል ቲቸር? ለአባቱ ምን ይላል? ሰውዬው እምቢ አለ ይበለው? እኛ ቤት ነው ያለ። ሁምቦ። ከአውቶቡስ ወረደ። ፍየሉም እናቴ ጋ ናት።»

መሄድም መቅረትም ያልቻለ ሰው፣ በሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ካለ ቤት ውስጥ ከፍየል ጋር ተቀምጧል። በእኔ ሥነ ምግባር።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሁምቦ ደርሼ መምጣቴ ነው። በጣም ደክሞኛል፤ ነገ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በደንብ ልጻፈው።

ኤርካሎ መንገድ መሪ ሆኖ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሰማዩ ስለ ከበደ ጃንጥላ ይዤ ነበር፤ ሁምቦ ስንወርድ ግን ደመናው ሶዶ ቀርቷል፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው ይላሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ጓደኛዋን በዎላይትኛ «ይህ ባለ ኮት የማን እንግዳ ነው?» አለቻት። ጓደኛዋ «እንጃ፣ የመንግሥት ይሆናል» አለች። ሁሉንም ሰማሁ። ዎላይትኛ ስሰማ የሚያመልጠኝ ነገር የለም፤ የምመልሰው ግን በአማርኛ ነው፤ ወይም እንደ ትናንቱ በመስኮት በማየት። ኤርካሎ እንደምሰማ አያውቅም፤ አፍሮ ስልኩን ነካካ።

ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ሄድን። ሙቀት። ዳገቱ ላይ ሰዎች የተከሉት ደን ጠቁሮ ይታያል፤ ልጅ ሆኜ ያ ኮረብታ እንደ መላጣ ራስ እንደነበር አስታውሳለሁ። የኤርካሎ እናት በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ፍየሏ ከጎን ታስራለች። ኦይታ ጀርባውን ሰጥቶን የአጥሩን እሾህ እየጠገነ ነው። ዘወር ብሎ አየን። ሰላም አላለም፤ ሥራውንም አላቆመም።

እናትየው ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ ሲያበቁ፣ ልጃቸውን ሳይሆን ኦይታን ነው የጠየቁት፤ በዎላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንዲገባው።

«ይህ ሰው የማን እንግዳ ነው?»

ኦይታ እጁ ላይ ያለውን እሾህ አየ። ለማላመጥ ጊዜ የወሰደ ይመስላል። ከዚያ በዎላይትኛ መለሰላቸው።

«የኔ ነው።»

ሁምቦ ይሞቃል። ኮቴን አወለቅሁ።

እናትየው በርጩማ አወጡልኝ። የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው። በዎላይትኛ ተናገርኩ። «እናቴ፣ ይህ ልጅ ቤቴ ድረስ ፍየል ይዞ መጣ፤ እኔ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ መለስኩት። ፍየሏን ልቀበል ነው የመጣሁት፣ ከሰጠኝ።» በልቤ ሳዘጋጀው ይህን ያህል አልተንገዳገደም ነበር።

ኤርካሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ቲቸር፣ ይችላሉ?»

እናትየው እስኪበቃቸው ሳቁ። «ይችላል! ግን እንደ ሬዲዮ ነው የሚናገረው፤ መጀመሪያ ይናገራል፣ ቀጥሎ ይሰማል።» ለምን እስከ ዛሬ እንደማልናገር አልጠየቁኝም። ደግነታቸው ነው።

ኦይታ ግን አልሳቀም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲመለስ፣ አባቴ የሚያፍረው በሩ ነው ይላል» አለኝ። በአማርኛ።

«በሩ አፍሯል።»

«አንተ እኔ ለውጤት ነው ያልከው?»

«ለውጤት መስሎኝ ነው። ወረቀትህን ሳላይ።»

«ስንት አገኘሁ?»

«አንደኛ ነህ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደሚያውቀው ሰው። «ዲመካ ብትመጣ፣ የማታውቀው ነገር ሲገጥምህ ትጠይቃለህ። እዚህ ግን አገርህ ስለሆነ አትጠይቅም።»

አገርህ ስለሆነ አለኝ። በዚህ ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ፣ ይህን የነገረኝ ሰው ሐመር ነው።

ቀረልን ብዬ ሳስብ አዲስ ጣጣ መጣ። ፍየሏ የኔ ከሆነች ምን ላድርጋት? ኤርካሎ ትታረድ አለ፤ ዐይኑም በራ። እኔ ጾም ላይ ነኝ። ሶዶ ግቢዬ ውስጥ ባስራት ደግሞ እትዬ ሽታዬን ከነ አስተያየታቸው አብሬ ማሰሬ ነው። ኦይታ ስለዚህ ጉዳይ ሐሳብ የለውም፤ የሰጠውን ሰጥቷል።

የፈረዱት እናትየው ናቸው። «ብትታረድ ዝምድናችሁ የአንድ ቀን ምሳ ነው» አሉ። «እኛ እንዲህ አይደለም የምናደርገው። አንድ ከብት ለሁለት ለሦስት ሰው ይሆናል። ያንዱ ገንዘብ፣ ያንዱ ግጦሽ። ስትወልድ ይካፈላሉ፤ ሳትወልድም ይጠያየቃሉ። ከብቱ እስካለ ድረስ ‘ደህና ነህ ወይ’ ማለት ግድ ነው። ደግሞ እዩዋት፣ ሆዷን።» እኔ አላየሁም ነበር። ፍየሏ እርጉዝ ናት።

ተስማማን። የሰጠ ኦይታ፣ የተቀበልኩ እኔ፣ የሚያበሉ የኤርካሎ እናት፦ ሲሶ፣ ሲሶ፣ ሲሶ። ሲሶ የሚለውን ቃል ሳስበው ነው የገረመኝ። አያቴ በዚህ አገር የሰው እርሻ ሲሶ ይወስድ ነበር፤ ማንም ና ውሰድ ሳይለው። ለእኔ ግን ሦስት ሰው ተቀምጦ መከረልኝ።

«እኔስ?» አለ ኤርካሎ።

«አንተ ትጠብቃለህ» አሉ እናቱ።

አሁን መስጠት የኔ ተራ ነው። ቤል በባዶ እጁ አይሄድም፤ ይህን ኤርካሎ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። ኮት አለኝ፣ መነጽር አለኝ፣ ጃንጥላ አለኝ። ጃንጥላውን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ጥቁር፣ ትልቅ፣ እጀታው የእንጨት፤ መብራት የገዛችልኝ ነው።

ኦይታ ተነሥቶ ተቀበለ። ከፈተው። ሁምቦ ላይ ዝናብ የለም፤ ፀሐዩን ተከለለበት። በሙሉ ክብር ከሥሩ ቆመ፤ እናትየው እንደገና ሳቁ፤ እኔም፤ በመጨረሻ እሱም።

ማታ በአንድ ሚኒባስ ሦስታችንም ተመለስን። ሶዶ ስንደርስ ይዘንብ ነበር። ከሦስታችን ያልረጠበው ኦይታ ነው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ኦይታ ክፍል ገባ፤ ፊት ወንበር።

ጌታሁን ጋ ሄድኩ። «የልጁ ስም እንዳይሰረዝ። የቀረው በኮሚቴው ጥናት ላይ ስለነበር ነው።»

«ኮሚቴው አንተ ብቻ አይደለህ እንዴ?»

«ቅዳሜ ዕለት አባል ጨምረናል።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። የልጅነታችን መስኮት ነገር ትዝ ያለው ይመስለኛል። ፈረመ። ስለሱ ያሰብኩትን አንዳንድ ነገር ዛሬ ሰርዣለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጃንጥላ የለኝም። ጉንፋን።

ሻይ ቤት ውስጥ የሁምቦ ልጆች ኦይታን ከበው የኤርካሎ እናት በቆሎ ደህና ዘንቦለት እንደሆነ ሲጠይቁት ሰማሁ። እሱ ስለ ዝናቡ እንደ ባለቤት አጉረመረመ። ያ የአዲስ አበባው ልጅ ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦይታ «አንተ ከማን ጋር ነህ?» አለውና ወንበር ሳበለት። ፎቶም፣ በሬም አልተነሣም። ኦይታ ያን ዕለት የቱሪስቱን መልስ የሰጠው ልጁን ለማባረር አልነበረም ማለት ነው። እኔ ብሆን በዚያ መልስ ብቻ ዓመት እኖር ነበር።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

መብራት ደወለች። ስለ ፍየሏ ነገርኳት፤ ጃንጥላውን ዘልዬው። «ምን ዓይነት ናት?» አለች። ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ አልኳት። «ጡቷስ?» አላወቅሁም። ተቆጣችኝ። ከሄደች ወዲህ ስለ ሶዶ የሆነ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ሪፖርቱን አስገባሁ። ከመቶ ስንት ለሚለው፣ ኦይታ «ከማን ጋር ስሆን?» ያለውን እንዳለ ጻፍኩት። መፍትሔ በሚለው ሥር ደግሞ፣ ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ በአካባቢው ካለ ቤተሰብ ጋር የጋራ ከብት ቢኖረው የተሻለ ነው፣ ቢቻል እንስት፣ አልኩ።

ጌታሁን አስጠራኝ። «መክብብ፣ ይህ ፍየል የሚለው ምንድን ነው? ከላይ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ስትወልድ ታዩታላችሁ በላቸው።»

ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በግ አይሆንም?» አለኝ። እናቱ ቤት በጎች አሉ፤ ከዳሰነች በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ተማሪ ይመጣል ተብሏል።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ለፍስክ እትዬ ሽታዬ ጠሩን። ቆጮ፣ ሥጋ፣ አፍ የሚያቃጥል ዳጣ። ኦይታ ዳጣውን ቀምሶ እንባው መጣ፤ በእንባው መሐል ጨመረ።

«ሥነ ምግባሩም ዛሬ ተፈታ?» አሉኝ እትዬ ሽታዬ ሥጋ እያነሡልኝ።

«እሱ በሁምቦ ነው የተፈታው።»

ኦይታ አባቱ እንዳናገረው ነገረኝ። በሐምሌ ስትመረቅ ያንን ሰው ይዘኸው ና ብሏል። ከተማሪዬ ጋር በአውቶቡስ ሐመር እሄዳለሁ እንግዲህ። እዚያ የማላውቀውን ነገር ሁሉ እንድጠይቅ ተነግሮኛል።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ኤርካሎ ቤቴ በር ላይ ሮጦ መጣ። ፍየሏ ወለደች። መንታ። አንዷ የእናቷን ግንባር ወስዳለች። ሁለት ለሦስት እንዴት እንደሚካፈል የኤርካሎ እናት በሚቀጥለው ቅዳሜ መሰብሰብ አለብን ብለዋል። በዕድሜዬ ልሄድበት የቸኮልኩበት የመጀመሪያ ስብሰባ ነው።

ለመብራት ደወልኩላት። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ፍየሏን ለማየት አለችኝ። ፍየሏን ለማየት ብቻ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሁለቱንም ጊዜ አረጋገጠችልኝ። ቤቱን ጠረግሁ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ተክለጻድቅ። ገዢው ሊሄድበት ነው፤ ዛሬ ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋል።

«እስቲ ንገረኝ፣ መክብብ። እዚያ ምን አለህ?»

«የፍየል ሲሶ አለኝ።»

«የምን?»

«ሲሶ። ግን ወልዳለች፤ ሒሳቡን ገና አልጨረስነውም።»

ስልኩ ውስጥ የአዲስ አበባ መኪና ጡሩንባ ይሰማል። ወንድሜ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ሰው ለታመመ ሰው እንደሚናገረው፣ ደህና ነህ ወይ አለኝ።

ደህና ነኝ አልኩት። ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ጃንጥላዬን ለቤቴ ሰው ሰጥቼ።